ያበጠ እግር በፋሻ እንዴት ይጠቀለላል?

እናቴ ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ፣ በውስጥ በኩል፣ ሳንቲም የምታክል ቁስል ወጣባት። ቅባት ሞከርን። አንቲባዮቲክም ዋጠች። ቁስሉ ግን ወራት አስቆጠረ። በመጨረሻ ቁስሏን የምታጥብላት ሲስተር «ቁስሉን ትታችሁ እብጠቱን አክሙ፣ በደንብ ይጠቅለል» አለችን። እኔም የሚለጠጥ ፋሻ ገዛሁና በጠበቀ ቁጥር ይሻላል ብዬ ግጥም አድርጌ አሰርኩት። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጣቶቿ ጠቆሩ። «እግሬን ልታስቆርጠኝ ነው እንዴ ልጄ?» አለችኝ። እሷ ስቃለች፣ እኔ ግን ደንግጬ ፈታሁት።

ከዚያ በኋላ ሲስተሯ ቁጭ አድርጋ አስተማረችኝ። የተማርኩት ይህን ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደሚጠቀለል። ከእግር ወደ ልብ ደም የሚመልሱት ሥሮች ውስጥ ትንንሽ በሮች አሉ። ደሙ ወደ ላይ ካለፈ በኋላ ተመልሶ እንዳይወርድ ይዘጋሉ። ባታችን ደግሞ በተራመድን ቁጥር ደሙን ወደ ላይ ይገፋል። በሮቹ ሲላሉ ደሙ ታች ይጠራቀማል። ውሃው ከሥሩ ወደ ሥጋ ይወጣል፣ እግር ያብጣል፣ ቆዳው ይጠቁራል፣ ትንሽ ጭረት እንኳን አልድን ትላለች። ፋሻው ከውጭ ደግፎ ውሃውን ይመልሳል፣ ለባቱም የሚገፋበት ግድግዳ ይሆነዋል።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ። ያበጠ እግር ሁሉ አይጠቀለልም። ደም ወደ እግር የሚያወርደው ሥር የጠበበበት ሰው ከተጠቀለለ እግሩ በደም እጦት ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ባለሙያ ዶፕለር በምትባል ትንሽ መሣሪያ የቁርጭምጭሚትን ደም ግፊት ለክቶ ለክንድ ደም ግፊት ያካፍለዋል። ውጤቱ ከ0.8 እስከ 1.3 ከሆነ ብዙ ጊዜ በሙሉ ጫና መጠቅለል ይቻላል። ከ0.5 በታች ከሆነ ፋሻው አይታሰብም። መሃል ላይ ያለውን ሐኪም ይወስናል። ስኳር ያለበት ሰው ሥሩ ስለሚደነድን ቁጥሩ ያታልላል፣ ጣቱም ሊደነዝዝና ሕመም ላይሰማው ይችላል። ልቡ የደከመ ሰውም ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጠቀለል። አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ ትንፋሽ ማጠር ከተጨመረበት ደግሞ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሐኪም ከፈቀደ በኋላ የሚያስፈልጋችሁ ጥቂት ነገር ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የሚለጠጥ ፋሻ፣ የሚጠቀለል ጥጥ፣ ቁስል ካለ የማይጣበቅ ጎዝ፣ ፕላስተር። ስስ ነጩ የጎዝ ፋሻ ቁስል ይሸፍናል እንጂ እብጠት አይቀንስም።

የሚጠቀለለው ጠዋት ነው፣ ከአልጋ ሳይወረድ። ውሎ ያበጠ እግር ላይ ካሰራችሁ እብጠቱን አብራችሁ አሰራችሁት ማለት ነው። እግሩን ለብ ባለ ውሃና ሳሙና እጠቡ። በጣቶቹ መሃል ያለውን እርጥበት በደንብ አድርቁ። ደረቁን ቆዳ ቫዝሊን ቀቡ፣ ቁስሉን በጎዝ ሸፍኑ። ከዚያ ጥጡን ከጣቶቹ ሥር እስከ ጉልበት በስሱ ጠቅልሉ። አጥንት የሚወጣበት ቦታ ላይ፣ ማለትም ቁርጭምጭሚቱና የቅልጥሙ ፊት ላይ፣ ደረብ አድርጉት። ፋሻ ቆዳ የሚልጠው እዚያ ነው።

የእግሩ ጣቶች ወደ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ አፍንጫ ይዩ። ቁርጭምጭሚቱ ቀጥ ያለ ማዕዘን ሲሠራ ማለት ነው። እግሩ ተዘርግቶ ከተጠቀለለ፣ ሲራመዱ ፋሻው ፊት ለፊት ይጨማደድና ይቆርጣል። በጣቶቹ ሥር ሁለት ጊዜ አዙሩ። ከዚያ ተረከዙን በስምንት ቁጥር ቅርጽ ዙሩት፤ ተረከዝ ክፍት ከቀረ እብጠቱ እዚያ ይወጣል። ወደ ላይ ስትወጡ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ግማሹን ይሸፍን። ከጉልበት በታች ሁለት ጣት ያህል ሲቀር አቁሙ። ትርፍ ፋሻ ካለ ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ላይ ደራርባችሁ አትጨርሱት። በፕላስተር ያዙት፣ ስፒል ግን ይቅር።

እዚህ ጋ እኔ የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ። ፋሻው ከታች እስከ ላይ የሚሳበው በእኩል ኃይል ነው። ቁርጭምጭሚት ቀጭን፣ ባት ወፍራም ስለሆነ፣ በእኩል ብትስቡትም ጫናው ታች ይበረታል፣ ላይ ይላላል። የሚፈለገውም ይኸው ነው። በሙሉ ጫና ሲጠቀለል ቁርጭምጭሚት ላይ 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይደርሳል፣ ደም ግፊት በሚለካበት መለኪያ። እኔ ግን ባቷ ላይ እንዳይወርድ ብዬ አጠበቅሁት። ደሙን ከታች አገትኩት። አንዳንድ ፋሻዎች ላይ አራት ማዕዘን ምልክት አለ፤ በትክክል ሲሳብ ጎኖቹ እኩል ይሆናሉ። ላልለመደ እጅ ይሄ ትልቅ ዕርዳታ ነው።

ከጨረሳችሁ በኋላ የጣቱን ጥፍር ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ። ከነጣ በኋላ በሁለት ሰከንድ ገደማ ቀለሙ መመለስ አለበት። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ከጨመረ ፋሻውን ፍቱት። ጠዋት እስኪሆን አትጠብቁ።

በጣም የሚለጠጠው ፋሻ ስንተኛም ስለሚጨምቅ ማታ ይፈታል። ትንሽ ብቻ የሚለጠጠው ስናርፍ ይላላል፣ ስንራመድ ይበረታል፤ ባለሙያ ካሰረው ቀናት ሊቆይ ይችላል። የትኛው እንደሆነ ስትገዙ ጠይቁ። ጠቅልሎ ቁጭ ማለት ግን አይሠራም። ፋሻው የሚሠራው ባት ሲንቀሳቀስ ነው። መራመድ ካልተቻለ ተቀምጦ እግርን ወደ ላይ ወደ ታች ማንቀሳቀስ፣ ሲጋደሙ ደግሞ እግርን ከልብ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ።

አገራችን ውስጥ ይህ ሥራ ሌላም ቦታ ያስፈልጋል። በቀይ አፈር ደጋ አካባቢ በባዶ እግር የሚሄዱ ገበሬዎች እግራቸው ያብጣል። በትንኝ የሚመጣው ዝሆኔ አይደለም፤ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፣ ሰበቡ አፈሩ ነው። ስሙን ያወጣው ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው ብሪታኒያዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የምሥራቅ ጎጃም ጥናት እግር መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ አንድ ላይ ሲሰጡ ድንገት የሚነሳው ትኩሳትና ሕመም እንደሚቀንስ አሳይቷል። ትኩሳቱ ሲነሳና እግሩ ሲቀላ ግን ፋሻው ወርዶ መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

የእናቴ ቁስል ድኗል። ሲድን ፋሻው ቀርቶ እንደ ፋሻው እግርን የሚጨምቅ ጠባብ ካልሲ መጣ፤ ካቆሙት ቁስሉ ስለሚመለስ ሁሌም ይለበሳል። ልክ ስታስወስዱ ጠዋት ሂዱ፣ እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ከጎደለ በኋላ። ባበጠ እግር የተለካ ካልሲ ሳምንት ሳይሞላ ይሰፋል።