የአንዲት ትንሽ ከተማን የምርጫ ውጤት እንዴት እናንብብ? የዎርዚንግተን፣ ሚኒሶታ ምሳሌ

ዎርዚንግተን የምትገኝበት ኖብልስ ካውንቲ (ከስቴቱ በታች ያለ አስተዳደር) እ.ኤ.አ. በ2016፣ በ2020 እና በ2024 ትራምፕን መርጧል። ካርታው ላይ በሪፐብሊካኖች ቀለም ቀይ ነው፤ ብዙ ሰው ንባቡን እዚያው ላይ ያቆማል። የካውንቲው መቀመጫ ዎርዚንግተን ግን በ2020 ቆጠራ 13,947 ነዋሪ የነበራት፣ የጄቢኤስ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንን ጨምሮ ከብዙ አገር የመጡ ሠራተኞችን የሳበባት ከተማ ናት። ዙሪያዋን ያሉት ታውንሺፖች (ትናንሽ የገጠር አስተዳደሮች) ደግሞ የበቆሎና የአኩሪ አተር ገበሬዎች አገር ናቸው። ሁለቱን አንድ ቀለም ቀብቶ ማለፍ ስለ ከተማዋ ምንም አይነግርም። የሚነግረው የፕሪሲንክቱ፣ ማለትም የአንድ ምርጫ ጣቢያ ክልል፣ የውጤት ረድፍ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የንብረት ግብር የተነሳበት ድምፅ።

በመጀመሪያ የውጤቱን ፋይል እናውርድ። ምርጫን የሚያስተዳድረው የሚኒሶታ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ቢሮ ከየጠቅላላ ምርጫው በኋላ በፕሪሲንክት የተከፋፈለ የኤክሴል ሠንጠረዥ ያወጣል። እሱ የፌዴራልና የስቴት ወንበሮችን ነው የሚይዘው። የከንቲባ፣ የከተማ ምክር ቤትና የትምህርት ቦርድ ውጤት ለብቻው በጽሑፍ ፋይል ይገኛል፤ ዓምዶቹ የሚለያዩት በሴሚኮለን ስለሆነ ይህን ለኤክሴል ካልነገሩት ሁሉም ነገር አንድ ዓምድ ውስጥ ይታጨቃል። “የተመዘገበ ዴሞክራት” ወይም “የተመዘገበ ሪፐብሊካን” የሚል ቁጥር መፈለግ ትርፉ ድካም ነው፤ ሚኒሶታ መራጭን በፓርቲ አትመዘግብም። የከተማ ወንበሮችም ድምፅ መስጫው ላይ የፓርቲ ስም የላቸውም።

ቀጥሎ የተሳትፎ ስሌት። ሠንጠረዡ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ (በአሜሪካ አቆጣጠር 7) ተመዝግበው የነበሩትንና በዕለቱ የተመዘገቡትን ለየብቻ ያስቀምጣል። አካፋዩ የሁለቱ ድምር ነው። የጠዋቱን ብቻ ከወሰድን፣ በዕለቱ ብዙ ሰው በተመዘገበበት ፕሪሲንክት ተሳትፎው ከ100 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። “ተጭበረበረ” የሚለው ጩኸት አንዳንዴ የሚነሳው ከዚህች ስህተት ነው።

በቅድሚያና በፖስታ የተሰጡ ድምፆች አንድ ዓምድ ውስጥ ናቸው። ከሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል አካባቢ ውጭ ያሉ ታውንሺፖችና ከ400 በታች የተመዘገበ መራጭ ያላቸው ትናንሽ ከተሞች ምርጫውን በሙሉ በፖስታ ማካሄድ ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ታውንሺፕ ከሞላ ጎደል ሁሉም በፖስታ መረጠ ማለት የፓርቲ ዝንባሌ አይደለም፤ አሠራሩ ነው።

ለአካባቢ ወንበሮች ባዶ የተተወውን መቁጠር አይዘንጋ። ለምሳሌ 800 ሰው መርጦ ለከንቲባ የተሰጠው 640 ከሆነ፣ 160ው ወይም 20 በመቶው ዝም ብሏል። “ሁለት ይምረጡ” የሚል ወንበር ከሆነ ግን ሊሰጥ የሚችለው 1,600 ድምፅ ነው፤ በሁለት ካላባዛን ባዶው ከዜሮ በታች ይወጣል። በ90 መራጭ ፕሪሲንክት ደግሞ የ5 በመቶ ለውጥ አራት ወይም አምስት ሰው ነው፤ አንድ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። የፕሪሲንክት ድንበሮች በ2022 እንደገና ስለተሠመሩ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን ከማወዳደር በፊት ካርታዎቹን ጎን ለጎን ማየት የግድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ትምህርት ቤት ቦንድ፤ ይህም መራጩ ሲያጸድቀው ለግንባታ የሚወሰድ ብድር ነው። የዎርዚንግተን ትምህርት ዲስትሪክት ተማሪው ስለበዛበት ግንባታ ቢጠይቅም ከ2013 ጀምሮ አምስት ጊዜ ውድቅ ተደርጎበት በኅዳር 2019 በጠባብ ልዩነት አለፈለት። ብዙዎች ይህን የስደተኛ ጥላቻ ብቻ አድርገው ያነቡታል። ያ የለም ማለት አይቻልም፤ ግን የመሬቱ ሒሳብ ካልገባ ንባቡ ጎደሎ ነው። የዲስትሪክቱ ወሰን ከከተማዋ ወጥቶ እርሻዎቹን ያካትታል፣ የቦንድ ዕዳም የሚከፈለው በንብረት ግብር ነው። ሰፊ መሬት ያለው ገበሬ ከከተማው ባለ ቤት ብዙ እጥፍ ግብር ሊደርስበት ይችላል፤ ድምፁ ግን አንድ ነው፣ ከዲስትሪክቱ ውጭ የሚኖር ከሆነ ደግሞ እየከፈለም ድምፅ የለውም። ስቴቱ በ2017 ይህን ለማቅለል ሕግ አወጣ፦ ከቤቱ፣ ከጋራዡና ከአንድ ኤከር ውጭ ባለው የእርሻ መሬት ላይ ከሚወድቀው የቦንድ ግብር መጀመሪያ 40 በመቶውን፣ ከ2023 ጀምሮ 70 በመቶውን ስቴቱ ይሸፍናል። ስለዚህ የ2013ቱን “አይሆንም” እና የ2019ኙን “ይሁን” በአንድ ሚዛን መመዘን አይቻልም።

አንድ ጥንቃቄ፦ ከስቴት ምርጫ ቀን ውጭ የሚካሄድ የትምህርት ዲስትሪክት ምርጫ ጣቢያዎችን ማጣመር ይችላል። ያኔ ከተማና ገጠር አንድ ሣጥን ውስጥ ይገባሉ፤ የቦንዱን ውጤት ከፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ውጤት ጋር ረድፍ በረድፍ ማዛመድ ያሳስታል።

ነዋሪ ሁሉ መራጭ አይደለም። ሕፃናትንና ዜግነት የሌላቸውን ለመቀነስ የቆጠራ ቢሮውን ሠንጠረዥ ቢ05003 እንጠቀም፤ ከ65,000 ሕዝብ በታች ላለ ከተማ የሚገኘው የአምስት ዓመቱ ግምት ብቻ ነው። ዜግነት ሳያገኙ መምረጥ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ዜግነት ያገኘ ሰው ግን በምርጫው ዕለት እዚያው ጣቢያ መመዝገብ ይችላል፤ የአድራሻ ማስረጃ ቢያጣ በዚያው ፕሪሲንክት የተመዘገበ መራጭ ሊመሰክርለት ይችላል፣ አንድ መራጭ እስከ ስምንት ሰው። በቋንቋ የሚቸገርም የሚረዳውን ሰው ይዞ መግባት መብቱ ነው፤ ረዳቱ አሠሪው፣ የአሠሪው ወኪል ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል ግን መሆን አይችልም።