የኤንኤፍኤል ደጋፊ ስለ ድራፍት፣ ስለ አሰልጣኝና ስለ ዳኝነት እንዴት ይከራከር?

የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ደጋፊ ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር የሚያነሳቸው ክሶች ብዙውን ጊዜ ሦስት ናቸው፤ በድራፍት (በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ) የመጣው ተጫዋች አይረባም፣ አሰልጣኙ ጨዋታውን አበላሸው፣ ዳኞቹ በደሉን። ሦስቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ችግሩ የሚመጣው በተለያየ ሚዛን መመዘን ሲገባቸው በአንድ ብስጭት ተጠቅልለው ሲቀርቡ ነው። የድራፍት ምርጫ ፍሬው የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ አሰልጣኙ ቀጣዩን ሙከራ የሚያቅደው በሰከንዶች ውስጥ ነው፤ ዳኛው ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ቆሞ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ባየው ነገር ላይ ይፈርዳል። ይህ ልዩነት ካልተጠበቀ ክርክሩ ድምፁ ከፍ ያለው የሚረታበት ሙግት ይሆናል።

ሦስቱንም የሚገዛ አንድ ደንብ አለ፦ ውሳኔ የሚመዘነው በውጤቱ ሳይሆን በተሰጠበት ሰዓት ሊታወቅ ይችል በነበረው ነገር ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ከየትኛውም ስፖርት ይልቅ ለዚህኛው የተነገረ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በፉትቦል ውስጥ ጥሩ ውሳኔ ክፉኛ የሚወድቅበት፣ መጥፎ ውሳኔም የሚያሸልምበት ጊዜ እጅግ ብዙ ነው።

ስለ ድራፍት

በድራፍት 32 ቡድኖች በሰባት ዙር ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን ይመርጣሉ፤ ቅድሚያውም ባለፈው ውድድር ዘመን ደካማ ውጤት ላስመዘገበው ቡድን ይሰጣል። አሠራሩ ከ1936 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዘመኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የቆየ ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ከሁሉ ቀድሞ የተመረጠው ጄይ በርዋንገር በሊጉ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ቀርቷል። ምርጫና ውጤት ሊራራቁ እንደሚችሉ ገና ከመነሻው ታይቷል ማለት ነው።

ስለ ድራፍት በቁም ነገር መከራከር የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ደብተር ይያዝ። በምርጫው ምሽት፣ ማንም ገና ኳስ ሳይነካ፣ ሦስት ነገሮችን ይጻፉ፦ ቡድንዎ በየትኛው ቦታ ላይ ጉድለት ነበረበት፣ ተራው ሲደርስ ያልተመረጡት ጥሩ ተጫዋቾች እነማን ነበሩ፣ ለዚያ ተራስ ሌሎች ምርጫዎቹን በመስጠት ምን ያህል ከፈለ። ከዚያ የራስዎን ምርጫ ከነምክንያቱ አስፍረው ደብተሩን ይዝጉት። እኔ ይህን ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ የተማርኩት ትልቁ ነገር፣ «እኔ ያኔውኑ ብያለሁ» ከምላቸው ነገሮች መካከል ብዙዎቹን በእውነት ብዬ እንደማላውቅ ነው። ትዝታ ለባለቤቱ ያደላል፤ ደብተር ግን አያዳላም።

ከሦስቱ ነጥቦች ሰዎች የሚዘነጉት ዋጋውን ነው። በ2017 ቺካጎ ቤርስ ሚቼል ትሩቢስኪ የተባለውን ኳርተርባክ (ኳስ ወርዋሪና የማጥቃቱ መሪ) ለመውሰድ ከሦስተኛ ተራ ወደ ሁለተኛ ተራ ከፍ ብሏል፤ ለዚያች አንድ ደረጃ ሲልም ተጨማሪ ሦስት ምርጫዎችን ለሳን ፍራንሲስኮ አስረክቧል። በኋላ የሊጉ ኮከብ የሆነው ኳርተርባክ ፓትሪክ ማሆምስ በዚያው ድራፍት በአሥረኛ ተራ በካንሳስ ሲቲ ተመረጠ። ዛሬ ብዙ ደጋፊ የሚናገረው «ማሆምስን አለፉት» ብሎ ነው። ይህ እውነት ቢሆንም ደካማ ክስ ነው፤ ያለፉት ቺካጎዎች ብቻ አይደሉምና፤ ማሆምስ ራሱም የመጀመሪያውን ዓመት ከነባሩ ኳርተርባክ ከአሌክስ ስሚዝ ጀርባ ተቀምጦ፣ በመደበኛው ውድድር አንድ ጨዋታ ብቻ ጀምሮ ነው ያሳለፈው። ጠንካራው ክስ የዋጋው ነው፦ አንዲት ደረጃ ለመሻገር ሦስት ምርጫ መስጠት ተገቢ ነበር ወይ? ይህ ጥያቄ በዚያው ምሽት ሊጠየቅ ይችል ነበር፤ ስለዚህ ዛሬም ሚዛን ይደፋል።

ከሊጉ ታላላቅ ኳርተርባኮች አንዱ የሆነውን ቶም ብሬዲን የሚጠቅስ ተከራካሪ ሁልጊዜ ይኖራል። እርሱ በ2000 በ199ኛ ተራ ተመርጧል፤ ነገር ግን የመረጠው ኒው ኢንግላንድ ራሱ ብሬዲን ከመውሰዱ በፊት በቀደሙት ዙሮች ሌሎች ተጫዋቾችን መርጧል። ምን ዓይነት ሰው እንዳገኘ ቢያውቅ ኖሮ ያን ያህል አይጠብቅም ነበር። ስለዚህ የብሬዲ ታሪክ የመልማዮቹን ንስር ዓይን የሚያሳይ ሳይሆን፣ ከታች ዙሮች የሚገኝ ትርፍ ብዙ ሙከራ እንደሚጠይቅ የሚያሳይ ነው። ቡድንዎ ብዙ ምርጫ ሰብስቦ እንደሆነ ወይም ለአንድ ሰው ሲል ሁሉን አሳልፎ ሰጥቶ እንደሆነ መጠየቅ፣ «ቀጣዩ ብሬዲ ማን ነው» ከማለት እጅግ ይሻላል።

ፍርድ ከመስጠትዎ በፊት ሦስት ዓመት ይታገሡ። ከ2011 የሥራ ስምምነት ወዲህ የተመረጠ ተጫዋች የሚፈርመው የአራት ዓመት ውል ነው፤ በመጀመሪያ ዙር ለተመረጠ ደግሞ ቡድኑ አምስተኛ ዓመት የመጨመር መብት አለው። ቡድኖቹ ራሳቸው ይህን ውሳኔ የሚሰጡት ከሦስተኛው ውድድር ዘመን በኋላ ነው፤ ደጋፊውም ከእነርሱ የሚቸኩልበት ምክንያት የለም።

ስለ አሰልጣኝ

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ሥራ ተከሳሹን ማወቅ ነው። በብዙ ቡድኖች የማጥቃቱን ሙከራ የሚጠራው ዋናው አሰልጣኝ ሳይሆን የማጥቃት ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ በሌሎች ዋናው አሰልጣኝ ራሱ ይጠራል፤ በመከላከሉም እንዲሁ። ጥሪው በሬዲዮ ወደ ኳርተርባኩ የራስ ቁር ይገባል፤ ኳስ የማስነሻው ሰዓት 15 ሰከንድ ሲቀረው ግንኙነቱ ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ሜዳ ላይ የሚለወጠው ነገር የተጫዋቹ ነው። ስለዚህ «ያን ውርወራ ለምን ጠራ» ከማለትዎ በፊት ጠሪው ማን እንደሆነና ኳርተርባኩ ጥሪውን ለውጦ እንደሆነ ይመርምሩ።

ቀጥሎ የቀረበለትን ምርጫ ሁሉ በጽሑፍ ይዘርዝሩ። አንድ ቡድን አሥር ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለው፤ ለምሳሌ ቡድንዎ በተጋጣሚው 40ኛ ያርድ ላይ በአራተኛው ሙከራ አንድ ያርድ ቀረው እንበል። አሰልጣኙ ኳሱን በእግር አስመትቶ ለተጋጣሚው ቢለቅና ወደ ኤንድ ዞን (ከጎል መስመሩ ጀርባ ወዳለው ክልል) ቢገባበት ተጋጣሚው ከ20ኛው ያርድ ይነሳል። ኳሱን አሳልፎ የሰጠው 20 ያርድ ብቻ ለማትረፍ ነው ማለት ነው። ይህን አንድ ጊዜ ያሰላ ሰው ሙከራው ስለከሸፈ ብቻ «እብደት ነው» አይልም፤ እንዲያውም ባልተሞከረ ጊዜ ይበልጥ ይቆጣል።

አንዲት ሙከራ ቀርበን እንመልከት። የካቲት 1 ቀን 2015 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በግሌንዴል አሪዞና በተካሄደው ሱፐር ቦውል (የሊጉ የዋንጫ ጨዋታ)፣ ሲያትል በኒው ኢንግላንድ 28 ለ 24 እየተመራ በተጋጣሚው አንድ ያርድ ላይ ደረሰ። ሁለተኛ ሙከራ ነበር፤ ኳሱ ሲነሳ 26 ሰከንድ ቀርቷል፤ ሲያትል የቀረው ታይም አውት (ሰዓት ማስቆሚያ ዕረፍት) አንድ ነው። ማርሻውን ሊንች የተባለው ብርቱ ሯጭ ቆሞ ሳለ ራስል ዊልሰን ኳሱን ወረወረ፤ ማልኮም በትለር የሚባል፣ በድራፍት ማንም ያልመረጠው ጀማሪ ተከላካይ ዘሎ ከሪካርዶ ሎኬት ፊት ጠለፈው። ጨዋታው በዚያ አበቃ። «ለምን አልሮጡም» የሚለው ቁጣ እስከ ዛሬ አልበረደም።

ሰዓቱን ግን ይቁጠሩ። በሁለተኛው ሙከራ ሮጠው ቢያዙ ሰዓቱ ይነጉዳል፤ አንዷን ታይም አውት ያቃጥላሉ፤ በሦስተኛው ቢሮጡና ቢያዙ ደግሞ ለአራተኛው መጣደፍ ሊኖር ነው። ተወርውሮ መሬት የወደቀ ኳስ ግን ሰዓቱን ያቆማል፤ ሁለት ሙከራና ታይም አውቷም ይተርፋሉ። ስለዚህ መወርወሩ በራሱ ሊሟገቱለት የሚቻል ውሳኔ ነበር። ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው፦ ከሚወረወሩት ሁሉ ተከላካዮች በተጨናነቁበት መሐል የሚያልፈውን፣ ሊጠለፍ የሚችለውን ውርወራ ለምን መረጡ? የሲያትሉን አሰልጣኝ ፒት ካሮልን በዚህ መውቀስ ይቻላል፤ በዚህም የሚወቅሰው ሰው «ሊንችን ስጠው» ከሚለው ይልቅ ይደመጣል። የበትለርንም ብቃት ከቁጥር ማውጣት አይገባም፤ ሌላው ቡድንም ተዘጋጅቶ ነው የመጣው።

«አሰልጣኙ ይባረር» ለሚለው ጥያቄ የአንድ ዓመት መዝገብ ደካማ ምስክር ነው። ቢል ቤሊቺክ ከ1991 እስከ 1995 ክሊቭላንድን መርቶ ከሽንፈቶቹ ያነሱ ድሎች ይዞ ተሰናብቷል፤ በኋላ በኒው ኢንግላንድ ስድስት ሱፐር ቦውል አሸንፏል። አንዲ ሪድ በ2012 በፊላደልፊያ 4 አሸንፎ 12 ተሸንፎ ተሰናበተ፤ ካንሳስ ሲቲን ይዞ ሦስት ጊዜ ዋንጫ አነሳ። እነዚህን የምጠቅሰው ማንም አይሰናበት ለማለት አይደለም። ይልቁንም በዓመት መጨረሻ የሚመለከቱት ነገር ከድልና ሽንፈት ቁጥር ባሻገር ይሁን፦ ወጣት ተጫዋቾቹ በየወሩ ተሻሽለዋል ወይስ ባሉበት ቆመዋል? በታይም አውት አጠቃቀም ተመሳሳይ ስህተት ስንት ጊዜ ተደገመ? የሚደጋገም ስህተት ከትልቅ ስህተት ይልቅ ያስጠይቃል።

ስለ ዳኝነት

ሜዳ ላይ ሰባት ዳኞች አሉ፤ እያንዳንዱም የሚመለከተው የተመደበለትን ነው። ዳኛን ከመክሰስ በፊት ስህተቱ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ይለዩ፦ ሕጉ ራሱ መጥፎ ነው፣ ዳኛው አላየም፣ ወይስ አይቶ በተሳሳተ መንገድ ፈረደ?

የዳላሱ ተቀባይ ዴዝ ብራያንት በጥር 2015 በግሪን ቤይ ላይ የያዘው ኳስ በቪዲዮ ተመርምሮ «አልተያዘም» ሲባል፣ ዳኞቹ ያደረጉት በወቅቱ የተጻፈውን ሕግ ማስፈጸም ነበር። ቁጣው ትክክለኛ ቦታውን ያገኘው ወደ ሕጉ ሲዞር ነው፤ ሕጉም በ2018 ተሻሻለ። በመስከረም 2012 ግን ጉዳዩ ሌላ ነበር፤ መደበኛ ዳኞች ከሊጉ ጋር በነበራቸው የሥራ ክርክር ምክንያት ተተኪዎች ሲያጫውቱ፣ በሲያትልና በግሪን ቤይ ጨዋታ የመጨረሻ ኳስ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ዳኞች የተለያየ ምልክት ሰጡ። ሲያትል 14 ለ 12 አሸነፈ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ከመደበኞቹ ዳኞች ጋር ስምምነት ተደረሰ። እዚያ ተጠያቂው ልምድ የሌለውን ሰው ሜዳ ላይ ያቆመው አካል ነበር።

የቅጣት ብዛት ቆጥሮ «ያደሉብናል» ማለትን ይተዉ። ሰውን በእጅ እየያዘ የሚከላከል ቡድን ብዙ ይቀጣል። ማድላት መኖሩን ማሳየት የሚፈልግ ሰው በዚያው ጨዋታ፣ በተመሳሳይ ሁኔታ፣ በሁለቱም ወገን የተፈጸመ ድርጊት ጎን ለጎን አቅርቦ አንዱ ተቀጥቶ ሌላው መታለፉን ያሳይ። የተጋጣሚን ቪዲዮ በራስ ቡድን ዓይን ሳይሆን ድምፁን አጥፍቶ ማየት ይረዳል።

ሦስቱ ሲደባለቁ

ጥር 20 ቀን 2019 በኒው ኦርሊንስ የተደረገው የሴይንትስና የራምስ ጨዋታ ለዚህ ሁሉ ጥሩ መለማመጃ ነው። 20 ለ 20 ሳሉ፣ 1 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ ሲቀር፣ በሦስተኛው ሙከራ የሴይንትሱ ኳርተርባክ ድሩ ብሪስ ወደ ቶሚሊ ሉዊስ ወረወረ፤ የራምሱ ኒኬል ሮቢ-ኮልማን ኳሱ ሳይደርስ ገጭቶ ጣለው። ዳኞች ጥፋት ሲያዩ የሚጥሉት ቢጫ ጨርቅ ግን አልወደቀም። ስህተቱ ግልጽ ነበር፤ በዚያ ዘመን ደግሞ እንዲህ ያለው ጥፋት በቪዲዮ ሊታይ አይችልም ነበር። ሊጉ በ2019 እንዲታይ ፈቀደና በቀጣዩ ዓመት ተወው።

የሴይንትስ ደጋፊ በደሉን ሲናገር የቀረውንም ይናገር። ከሁለት ሙከራ በፊት፣ ሰዓት ማቃጠል በሚጠቅምበት ጊዜ፣ ቡድኑ ወርውሮ ኳሱ መሬት ወድቆ ሰዓቱ ቆሟል፤ ይህ የአሰልጣኝ ጉዳይ ነው። ከተነፈገው ቅጣት በኋላም በፊልድ ጎል (በእግር ተመትቶ በሚገኝ ሦስት ነጥብ) 23 ለ 20 መርቷል፤ ራምስ አቻ ያደረጉት ከዚያ በኋላ ነው። በጭማሪው ሰዓት ኳሱን መጀመሪያ ያገኘው ሴይንትስ ነበር፤ የብሪስ ውርወራ ተጠለፈ፤ የራምሱ ግሬግ ዙርላይን ከ57 ያርድ አስቆጥሮ 26 ለ 23 አበቃ። ክሱን ሲጽፉ በመጀመሪያው አንቀጽ ያልተሰጠውን ቅጣትና ሉዊስ የተመታበትን ቅጽበት ያስቀምጡ፤ ቅጣቱ ቢሰጥ ሴይንትስ በራምስ ጎል አጠገብ አዲስ አራት ሙከራ አግኝቶ ሰዓቱን ሊጨርስ ይችል እንደነበር ያስረዱ፤ በሁለተኛው አንቀጽ የመጀመሪያውን ሙከራ ውርወራ፤ በሦስተኛው የጭማሪውን ሰዓት ጠለፋ። እንዲህ ተጽፎ የቀረበን ክስ የራምስ ደጋፊ እንኳ «ሰበብ ነው» ብሎ ሊያልፈው አይችልም፤ ለእያንዳንዱ አንቀጽ ለየብቻ መልስ መስጠት ይኖርበታል።