ፋይላችሁን ጠይቁ፦ እንግሊዝ አገር አዲስ ለገባችሁ

እንግሊዝ አገር ገና ከገባችሁ፣ ስማችሁን፣ የልደት ቀናችሁን፣ አሻራችሁንና የቤተሰባችሁን ታሪክ ለስንት ቢሮ እንደሰጣችሁ አስቡት። የኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚይዘው መሥሪያ ቤት፣ ሆም ኦፊስ፣ ጠይቋል። የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንስል፣ ጠይቋል። የሰፈር ሐኪም (ጂፒ) ጋ ስትመዘገቡ ተጠይቃችኋል፣ የልጆቻችሁ ትምህርት ቤትም ፎርም ልኳል። አብዛኞቻችን ሁሉንም ዝም ብለን እንሞላለን፤ የመንግሥት ቢሮ የጻፈውን «እስቲ አሳዩኝ» ማለት ነገር መፈለግ እየመሰለን ነው ያደግነው። እዚህ አገር ቢሮው ስለ እናንተ የያዘውን ማየት በሕግ የተሰጠ መብት ነው። ገንዘብ አይከፈልበትም፣ መጠየቃችሁም ጉዳያችሁን አያበላሽም። ይህን የምጽፈው ችግር እስኪመጣ ሳትጠብቁ፣ ፋይሉ ገና ቀጭን ሳለ እንድትጠይቁ ስለምፈልግ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ የኢትዮጵያ ነው ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሕጉ የ2018ቱ የመረጃ ጥበቃ ሕግና ጂዲፒአር የሚባለው የግል መረጃ አያያዝ ደንብ ነው። ዜግነት አይለይም፤ ወረቀት ያገኘውም፣ ውሳኔ የሚጠብቀውም፣ ጉዳዩ ውድቅ የተደረገበትም መጠየቅ ይችላል። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ይግባችሁ። የመንግሥት ቢሮ መረጃችሁን ለመያዝ አብዛኛውን ጊዜ ፈቃዳችሁ አያስፈልገውም፤ በሕግ የተሰጠውን ሥራ ለመሥራት ስለሚያስፈልገው ይይዛል። ስለዚህ «አልፈቀድኩም» ማለት ብዙ አያራምድም። የሚያራምደው ለምን እንደሚፈልገው፣ ለማን እንደሚያካፍለው፣ ለስንት ጊዜ እንደሚያቆየው መጠየቅ ነው፤ ይህን የመንገር ግዴታ አለበት። ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ መሰብሰብ አይችልም፣ የያዘውም ትክክል መሆን አለበት። ብሔር፣ ሃይማኖት፣ ጤና፣ የፖለቲካ አመለካከትና አሻራ ደግሞ ተጨማሪ ጥበቃ አላቸው። በብዙ ፎርሞች መጨረሻ ላይ የሚመጣው የብሔርና የሃይማኖት ጥያቄ «መመለስ አልፈልግም» የሚል ሳጥን አለው፤ እሱን በመምረጣችሁ አገልግሎት አይከለከልባችሁም።

«ትክክል መሆን አለበት» የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእኛን ሰው አብዝቶ የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው።

የልደት ቀን እንውሰድ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 5 ቀን 1990 የተወለደ ሰው በፈረንጅ ጃንዋሪ 13 ቀን 1998 ማለት ነው። ሲጠየቅ በለመደው አፉ «5፣ 5፣ 90» ካለ ግን ሜይ 5 ቀን 1990 ተብሎ ይጻፍለታል፤ በአንድ መስመር ስምንት ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ዕድሜ ተጨመረበት። ለአዋቂ ሰው ይህ ለዓመታት የሚከተል የማስረጃ ጣጣ ነው። ብቻውን ለመጣ የ16 ዓመት ልጅ ደግሞ በካውንስሉ የሕፃናት ክፍል እጅ ይገባል ወይስ ከአዋቂዎች ጋር ይመደባል የሚለውን ይወስናል። በኋላ ትክክለኛውን ቀን ሲናገር እንኳ ቃሉን የቀየረ ሰው ይመስላል፣ ያ ጥርጣሬ ወደ ሌላው ታሪኩም ይሻገራል። ስለዚህ ቀን ስትናገሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፣ መጻፉንም አረጋግጡ።

ስምም እንዲሁ ነው። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ሲል አንዱ ቢሮ የአባታችሁን፣ ሌላው የአያታችሁን ይጽፋል። ፀጋዬ የሚለውን ስም እያንዳንዱ ጸሐፊ በእንግሊዝኛ ፊደል በመሰለው ይጽፈዋል። ባልና ሚስት የተለያየ ስም ይዘው፣ ልጆቹ ደግሞ የአባታቸውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዘው ሲቀርቡ እናትየው «ልጅሽ ለመሆኑ ማስረጃ አምጪ» ትባላለች። የምመክረው አንድ አጻጻፍ ይዛችሁ እንድትጸኑ ነው። ሆም ኦፊስ የመዘገበው ትክክል ከሆነ በዚያው ባንክም፣ ካውንስልም፣ ጂፒም፣ ኮሌጅም ተመዝገቡ። ትክክል ካልሆነ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

ማስተካከያ የሚጠየቀው በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል። ቢሮው በመርህ ደረጃ በ1 ወር ውስጥ መመለስ አለበት። የልደት ካርድ ወይም የቀበሌ መታወቂያ ካላችሁ ከተረጋገጠ ትርጉም ጋር አያይዙ፣ የአቆጣጠሩን ልዩነት የምታስረዳ አጭር ደብዳቤም ጨምሩበት፤ ጉዳዩን የያዘው ሰራተኛ የእኛን ዘመን አቆጣጠር ሰምቶም ላያውቅ ይችላል። እምቢ ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይንገራችሁ፣ የእናንተ ቃልም ከፋይሉ ጋር እንዲያያዝ ጠይቁ። የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ላይ ስህተት ካያችሁ ግን ይህን አትጠብቁ። በጠበቃችሁ በኩል ወዲያው ማረሚያ ይላክ፤ ውሳኔው የሚሰጠው በዚያ ቃል ላይ ተመሥርቶ ነው።

እንግዲህ ስህተት መኖሩን የምታውቁት ፋይሉን ስታዩ ነው። ጥያቄው ሰብጀክት አክሰስ ሪኩዌስት ይባላል። የተለየ ፎርም የግድ አይልም፤ በኢሜይልም፣ በደብዳቤም፣ በቃልም ይቻላል። እኔ በኢሜይል እላለሁ፣ ቀኑ ተመዝግቦ ስለሚቀር። ሙሉ ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ፣ የጉዳይ ቁጥር ካለ እሱን ጻፉ፤ ማንነታችሁን የሚያሳይ ነገርም ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። ከዚያ የምትፈልጉትን ግልጽ አድርጉ። «ያላችሁን ሁሉ ላኩ» ማለት ይቻላል፣ ግን «ባለፈው ክረምት ባስገባሁት የቤት ማመልከቻ ላይ ሰራተኞቻችሁ የጻፉት ማስታወሻና ኢሜይል» ብትሉ ፍለጋውም ቀላል ይሆናል፣ ለማንበብም አትሰለቹም። መልሱ በ1 ወር መምጣት አለበት። ጥያቄው ከባድ ነው ካሉ 2 ወር መጨመር ይችላሉ፣ ግን ይህንንም በመጀመሪያው ወር ውስጥ ማሳወቅ አለባቸው። ሆም ኦፊስ ለዚህ በመንግሥቱ ድረ ገጽ በጎቭ ዶት ዩኬ ላይ የራሱ ገጽ አለው። ጠበቃ ስትቀይሩ፣ ይግባኝ ስትሉ፣ ለዜግነት ስታመለክቱ መጀመሪያ የሰጣችሁትን ቃል ሳታነቡ አትግቡ።

ወረቀቱ ሲመጣ አንዳንዱ መስመር በጥቁር ተሸፍኖ ታገኙታላችሁ። የሌላ ሰው መረጃ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም የኢሚግሬሽን ቁጥጥርን የሚጎዳ ነገር እንዲያስቀር ሆም ኦፊስን የሚፈቅድ አንቀጽ አለ። የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2021 ያ አንቀጽ በቂ ጥበቃ የለውም ብሎ ሕገ ወጥ ነው አለ፤ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ ብዙ ገጽ ተሸፍኖ ከመጣ በየትኛው ምክንያት እንደሆነ ጻፉና ጠይቁ።

ኢ-ቪዛ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚያዘው የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሌላው ትልቅ ነገር ነው። ቢአርፒ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ በ2024 መጨረሻ አብቅቶ አሁን ፈቃዳችሁ ያለው ዩኬቪአይ በሚባለው የሆም ኦፊስ የቪዛ ክፍል የኢንተርኔት አካውንት ውስጥ ነው። አካውንቱ ከኢሜይልና ከስልክ ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። አዲስ ገቢ ስንሆን ቋንቋው ይከብደንና ቀድሞ የመጣ ሰው በራሱ ኢሜይልና ስልክ ይከፍትልናል፤ ልቡ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፣ ግን እሱ ስልክ የቀየረ ቀን ወይም የተጣላችሁ ቀን የመኖሪያ ፈቃዳችሁን የሚያረጋግጠው ሰነድ በእሱ እጅ ነው ያለው። በገዛ ኢሜይላችሁና በገዛ ስልካችሁ ይከፈት። ገብታችሁ ፎቶውን፣ ስሙን፣ የፈቃዱን ዓይነትና ማብቂያ ቀን በዓይናችሁ እዩ። ቀጣሪ ወይም አከራይ ሲጠይቅ የምትሰጡት ፈቃዳችሁን እንዲያይ የሚያስችለውን ቁጥር፣ ሼር ኮድ፣ ነው፤ ከልደት ቀናችሁ ጋር ሆኖ ይሠራል፣ ለ90 ቀን ያገለግላል። ለሥራና ለቤት ኪራይ የሚወጣው ኮድ የተለያየ ስለሆነ ትክክለኛውን አውጡ። የአካውንቱን መግቢያ ለማንም ቀጣሪ አትስጡ።

ብዙ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠይቀው «ኤምባሲው ይሰማል ወይ?» የሚለውን ነው። ሆም ኦፊስ ጥገኝነት መጠየቃችሁን ለአገራችሁ መንግሥት መንገር የለበትም፤ ይህ ቃለ መጠይቁ ሲጀመርም ይነገራችኋል። ከዚያ ይልቅ ሰዉን የሚያስጨንቀው አስተርጓሚው ነው፣ እውነት ነው፣ ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምታዩት ሰው ሰኞ ፊት ለፊታችሁ ሊቀመጥ ይችላል። አስተርጓሚ የሰማውን እንዳያወጣ ግዴታ አለበት። ቢሆንም የምታውቁት ሰው ከሆነ ወይም ልትናገሩ የማትችሉት ነገር ካለ ሌላ እንዲመደብ ጠይቁ፣ ሴት አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። ጂፒ ጋ ባልን፣ ልጅን ወይም ጎረቤትን አታስተርጉሙ። በተለይ እህቶቼ፣ ቤት ውስጥ የሚደርስባችሁ ነገር ካለ ለሐኪሙ ብቻችሁን ሆናችሁ ንገሩ፤ ሐኪሙ ለባላችሁ አይነግርም። ጂፒ ለመመዝገብ የመኖሪያ ፈቃድም ሆነ የአድራሻ ማስረጃ የግድ አይደለም፤ ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ሰራተኛ «ያለ ፓስፖርት አይሆንም» ብትል የኤንኤችኤስ (የመንግሥት ጤና አገልግሎቱ) መመሪያ እንዲህ አይልም በሉ።

ቢሮዎች እርስ በርስ አይነጋገሩም ብላችሁ ግን አትዘናጉ። ካውንስል፣ የሥራና ጡረታ መሥሪያ ቤቱና የግብር መሥሪያ ቤቱ ማጭበርበርን ለመከላከል መረጃ ያመሳክራሉ፣ ይህም ሕጋዊ ነው። አብሯችሁ የሚኖር ሰው ሲጨመር፣ ሥራ ስትጀምሩ፣ አድራሻ ስትቀይሩ ለሁሉም አሳውቁ። ለኤንኤችኤስ ሆስፒታል የተከማቸ ዕዳ ካለም ከተወሰነ መጠን በላይ ሲሆን ለሆም ኦፊስ ሊነገር ስለሚችል፣ ቢል ሲመጣ ሳትደብቁ ምክር ጠይቁ።

ቢሮዎቹ ራሳቸው ያጠፋሉ። በ2021 የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር አፍጋኒስታን ለቀሩና ለመውጣት ለሚጠብቁ ሰዎች አንድ ኢሜይል ሲልክ የሁሉም አድራሻ ለሁሉም እንዲታይ አድርጎ ላከው፤ 245 ሰዎች ተጋለጡ። ታሊባን እጅ ቢገባ የሰው ሕይወት ሊጠፋ ይችል ነበር። የመረጃ ኮሚሽነሩ ጽሕፈት ቤት፣ አይሲኦ የሚባለው፣ በ2023 ሚኒስቴሩን 350,000 ፓውንድ ቀጣው። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ቢሮው አደጋ አለው ብሎ ካመነ በ72 ሰዓት ውስጥ ለአይሲኦ ማሳወቅ አለበት፣ አደጋው ከባድ ከሆነ ደግሞ ለእናንተም ሳይዘገይ መንገር አለበት። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከደረሳችሁ አትጣሉት፤ የትኛው መረጃ እንደወጣ ጠይቁና የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ።

ከእኛው እጅ የሚወጣውም ቀላል አይደለም። የፓስፖርትና የሆም ኦፊስ ደብዳቤ ፎቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ይሄ ምን ይላል?» ተብሎ ሲለጠፍ አያለሁ። እባካችሁ ተዉት። ፎርም የሚሞላላችሁ ሰው የኢሚግሬሽን ምክር የሚሰጥ ከሆነ ወይ እንደ ሶሊሲተር ያለ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይ የኢሚግሬሽን አማካሪዎችን የሚቆጣጠረው ኢሚግሬሽን አድቫይስ ኦቶሪቲ የመዘገበው መሆን አለበት፤ ያለዚያ ሥራው ወንጀል ነው። ከሆም ኦፊስ ነኝ ብሎ ደውሎ ገንዘብ የሚጠይቅ አጭበርባሪ ነው፣ ዝጉበት። የሚያጠራጥር የጽሑፍ መልእክት ከመጣ ወደ 7726፣ አጭበርባሪ መልእክት ወደሚጠቆምበት ቁጥር፣ አስተላልፉት።

ቢሮው ፋይል ካልላከ፣ ስህተት ካላረመ፣ ወይም መረጃችሁን ለማይገባው ሰው ከሰጠ መጀመሪያ ለራሱ ለቢሮው ቅሬታ ጻፉ። የመንግሥት ቢሮ ሁሉ የመረጃ ጥበቃ ኃላፊ አለው፣ ለእሱ ይድረስ በሉ። ካልሆነ ወደ አይሲኦ ሂዱ፤ በነጻ ነው፣ ግን ከቢሮው የመጨረሻ መልስ በ3 ወር ውስጥ ብታቀርቡ ይሻላል። አይሲኦ ቢሮውን ማስገደድ ይችላል እንጂ ካሳ አይሰጥም፤ ካሳ የሚጠየቀው ፍርድ ቤት ነው። ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ መጻፍ ከከበዳችሁ ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባለው የምክር ድርጅት በነጻ ያግዛል፣ ስትሄዱ የተላላካችሁትን ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል አድርጋችሁ ያዙ።