ላሠራት ወይስ ልሽጣት? አሮጌ መኪና ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዤ በር ላይ ከሚቆሙት መኪኖች ግማሾቹ የሚመጡት ለሰርቪስ አይደለም። ባለቤቱ ይወርዳል፣ ኮፈኑን ይከፍታል፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ሞተሩን እንደታመመ ዘመድ ትክ ብሎ ያየዋል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። «እስኪ እውነቱን ንገረኝ፣ ላሠራት ወይስ ልሽጣት?»

መጀመሪያ አንድ ነገር እወቁልኝ። እኔ መካኒክ ነኝ፤ እንጀራዬ የሚጋገረው መኪና ሲጠገን ነው። የደላላ እንጀራ የሚጋገረው መኪና ሲሸጥ ነው። ሁለታችንንም ስትሰሙ ይቺን አትርሱ።

የጥገናውን ዋጋ ከመኪናዋ ዋጋ ጋር ብቻ ማወዳደር

ውጭ ያሉ ዘመዶች በስልክ የሚሰጡት ምክር አለ። ጥገናው ከመኪናዋ ዋጋ ግማሽ ካለፈ ገላግላት ይላሉ። እነሱ ጋ ልክ ነው። እዚያ አሮጌ መኪና ርካሽ፣ የመካኒክ ሰዓት ውድ ነው። እኛ ጋ ተገላቢጦሽ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ መኪናው ባረጀ ቁጥር ታክሱም ይብሳል። በ2016 ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የቀረውን አያችሁት። ስለዚህ አሮጌዋ መኪናችሁ ሜዳ ላይ የወደቀች ዕቃ አይደለችም። መጠየቅ ያለበት «ጥገናው ስንት ነው?» ብቻ አይደለም፤ «ይህን ብር ይዤ ብወጣ ከዚህች የተሻለ ምን አገኛለሁ?» የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «ምንም» ነው።

ሳያስለኩ «ሞተሩ አልቋል» ብሎ መደምደም

ጭስ ባዩ ቁጥር የሚደነግጡ ሰዎች አሉ። ጭስ ግን ቋንቋ አለው። በክረምት ጠዋት የሚወጣ ስስ ነጭ እንፋሎት ምንም አይደለም፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል። ሞቆም ነጭ ጭሱ ካልተወ፣ የራዲያተሩም ውሃ እየቀነሰ ከሄደ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ማለትም ሞተሩን ከላይ በሚከድነው ቴስታታ ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ይጠረጠራል። የዘይት ክዳኑን ከፍታችሁ ውስጡ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካያችሁ መኪናዋን አታስነሷት። ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዝቶባታል ማለት ነው፤ አንዳንዴ ኤር ክሊነር ከመቀየር አያልፍም።

ሰማያዊው ዘይት ነው። እሱም ቢሆን ሁለት ዓይነት ነው። ጠዋት ስትነሳ አንዴ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ቫልቩ ላይ ያለችው ዘይት የምትይዝ ትንሽ ጎማ ደርቃ ነው። ነዳጅ በሰጣችኋት ቁጥር የሚያጨስ ከሆነ ግን ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ ነው፤ ሞተር ይወርዳል። የሁለቱ ሒሳብ ሰማይና ምድር ነው። የመጀመሪያውን ይዞ መጥቶ የሁለተኛውን ዋጋ ተነግሮት መኪናውን በርካሽ የሸጠ ሰው አውቃለሁ።

ስለዚህ «ኮምፕሬሽን ይለካልኝ» በሉ፤ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት ማለት ነው። ካንዴላዎቹ ይፈታሉ፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር ለብቻው ይለካል። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ዝቅ ካለ፣ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጠብ ተደርጎ እንደገና ይለካል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻ ነው። ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይ ጓርኒሲዮን ነው። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። «ድምፁን ሰምቼ አውቃለሁ» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ሌላ ጋራዥ ሂዱ።

የሚያውቋትን ሸጦ የማያውቋትን መግዛት

ይሄን ስጽፍ ደሜ ይፈላል።

ጡረታ የወጡ መምህር ደንበኛዬ ናቸው። ዲኤክስ ኮሮላ ነበረቻቸው። አሥራ አንድ ዓመት እኔ ነኝ የያዝኳት፤ እያንዳንዱን ብሎኗን አውቃለሁ። ፍሪሲዮኗ አልቆ ነበር፤ የፊት አሞርዛተርም ትፈልጋለች። ዋጋውን ነገርኳቸው። «ልጆቼ በዚህች አሮጌ አትሂድ ይሉኛል» አሉኝ። ሸጧት። የእቁብ ብር ጨመሩና ቪትዝ ገዙ። ብርማ፣ የምታብለጨልጭ፣ ወንበሯ አዲስ ልብስ የለበሰ።

በሦስተኛው ወር መጡ። «ልጄ፣ መሪዋ ወደ ግራ ይጎትታል፤ እስኪ እያት።»

ቆጣሪው 74 ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል። የፍሬን ፔዳሏን ጎማ አየሁት፤ እንደ ሳሙና ሙልጭ ብሏል። 74 ሺህ የሄደች መኪና ፔዳል እንዲህ አያልቅም። ኮፈኑን ከፈትኩ። የግራ ፓራፋንጎ (የፊት ጎማው ሽፋን ላሜራ) ብሎኖች ቀለማቸው ተልጧል፤ ማለትም ተፈትቶ ነበር። ከኪሴ ትንሿን ማግኔት አወጣሁ፤ ቀለም እንዳትጭር በጨርቅ ጠቅልዬ ነው የምይዛት። ቀኝ በር ላይ ጥብቅ። ግራ በር ላይ አስጠጋኋትና ለቀቅኳት፤ ወደቀች። ስቱኮ፣ የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት ልስን፤ ማግኔት አይዘውም። ከሥር ገብቼ ሳይ ከፊት ግራ ጎማው በላይ የብየዳ መስመር አለ፤ ላዩ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል።

«ጋሼ፣ ሲገዟት ማን ፈተሸልዎት?»

«ደላላው መካኒክ ይዞ መጥቶ ነበር።»

ምን ልበላቸው! የደላላ መካኒክ! እዚያው መንገድ ማዶ እኔ ቁጭ ብዬ!

እስቲ አስቡት። እናንተ መኪናችሁን የምትሸጡት ስለሰለቸቻችሁና ወጪ ስለታያችሁ ነው። ያኛው ሻጭስ ለምን የሚሸጥ ይመስላችኋል? ተመሳሳይ ዕድሜ ያላትን መኪና በተመሳሳይ መኪና ስትለውጡ የራሳችሁን በሽታ ሰጥታችሁ የሰው በሽታ ትቀበላላችሁ። ልዩነቱ የራሳችሁን ታውቁታላችሁ፤ የሰውየውን አታውቁትም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚባለው ለዚህ ነው። በላዩ ላይ የደላላ ኮሚሽን አለ፣ የስም ማዞሪያ አለ፣ መኪናዋ እጃችሁ በገባች በመጀመሪያዎቹ ወራት የምትውጠው ብር አለ። እነዚህን ደምሩና ከፍሪሲዮንና ከአሞርዛተር ጋር አስተያዩት።

የግድ ከለወጣችሁ የራሳችሁን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። በጠዋት ሂዱ፣ ሳትነገሩ። ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱት። ሞቆ ከጠበቃችሁ አንድ የተደበቀ ነገር አለ፤ ሞተር ምስጢሩን የሚያወጣው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው።

ዲኤክሷ እንዳትጠፋብኝ። አዲሱ ባለቤት ፍሪሲዮኗን አስቀየረ፤ አሁን የሚያመጣት ለዘይት ብቻ ነው። ለጋሼ አልነገርኳቸውም።

ከሞተሩ በፊት ቀለም መቀባት

ገንዘባችሁ ነው፤ እንደፈለጋችሁ።

ወጪን በአእምሮ መያዝ

መኪናዋን ለሜትር ታክሲ ሥራ ያሰማራች ደንበኛ አለችኝ። «በላችኝ፣ ልሸጣት ነው» ብላ መጣች። ደግነቱ ደብተር ትይዛለች። አብረን አየነው። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ሦስት ጊዜ ራዲያተር ቀይራለች። ሦስቱም ርካሽ ፌክ። ሌላው ወጪ ዘይት፣ የፍሬን ሸራና ጎማ ነው፤ ማንኛዋም መኪና የምትበላው። ሶማሌ ተራ ዞረን ያገለገለ ኦርጅናል ራዲያተር አገኘንና አሰርን። መኪናዋ እስካሁን ትሠራለች።

ደብተር የሚያሳየው ይሄን ነው። አንድ ዓይነት ብልሽት እየተመላለሰ ከሆነ ጥፋቱ የዕቃው ወይም የመካኒኩ ነው። በየወሩ አዲስ ቦታ ላይ አዲስ ብልሽት የሚወጣ ከሆነ ግን እርጅና ነው፤ ያኔ ስለ መሸጥ እናውራ። የብሩን ብቻ ሳይሆን መኪናዋ የቆመችበትንም ቀን ጻፉ። ለታክሲ የቆመ ቀን ከጥገናው ይበልጣል።

የሞተሩ ሙቀት ከልክ በላይ ወጥቶ «ቤት ልድረስ» ማለት

አትድረሱ። አቁሙ። የአንዲት የራዲያተር ውሃ ቱቦ ወጪ ወደ ቴስታታ ወጪ የሚለወጠው በዚያች መንገድ ነው።

የበሰበሰ ቦዲ ላይ ጥሩ ሞተር መጫን

ሞተር ይለወጣል። ካምቢዮም ይለወጣል። ቪትዝና ኮሮላ ግን እንደ ፒክአፕ ለብቻው ሻንሲ የላቸውም፤ ቦዲው ራሱ ነው ሻንሲው። ስለዚህ ሞተር ለማውረድ ከመስማማታችሁ በፊት መኪናዋ ትነሳና ከሥር ትታይ። ከበሮቹ ሥር ያለውን ላሜራና አሞርዛተሩ የሚታሰርበትን ቦታ በካቻቢቴ ጫን ጫን አድርጉ። ካቻቢቴው ሰርጎ ከገባ በቃ፣ እኔም ሥራው ይቅርብኝ።

ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ ከዚያ ሶኬት መፈለግ

እኔ የቤንዚን ልጅ ነኝ፤ ስለ ባትሪ አልፈላሰፍም። ግን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ደንበኛዬ ኮሮላውን ሸጦ ኤሌክትሪክ ገዛ። አሁን ማታ ማታ ከምድር ቤቷ ጎረቤት መስኮት ገመድ ይጎትታል። ቆጣሪው የሷ ነው። መጀመሪያ መሙያ ቦታ፣ ከዚያ መኪና።

ሞተሩን ገዝቶ ወረቀቱን መርሳት

ይሄ የኔው ነው፤ ልሸሽግም አልችል፣ ሠራተኞቼ ሁሉ ያውቁታል። የራሴ ኮሮላ ሞተሩ ሲያበቃ ከአንድ ሻጭ ያገለገለ ሞተር ገዛሁ። ደረሰኝ የለ፣ የሞተሩ ሰነድ የለ። ዋጋው ጥሩ ነበር፤ ድምፁም የልብስ ስፌት መኪና ይመስላል። በሁለት ቀን ገጠምኩት። ኩራቴን ባያችሁ!

ለዓመታዊ ምርመራ ይዣት ሄድኩ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አልገጠመም። «ከየት መጣ?» ሲሉኝ የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም። ሻጩን ብፈልግ ሱቁን ዘግቷል። ቦሎ ሳታገኝ ሰባት ወር ግቢዬ ቆመች። የጎረቤት ዶሮ በተሰበረው የኋላ መስኮት ገብታ ወንበሩ ላይ ታቀፈች። በመጨረሻ በዕቃ በዕቃ በትኜ ሸጥኳት፤ በሮቹን አንዱ፣ ካምቢዮውን ሌላው ወሰደ። ሞተሩ አሁንም ጋራዤ ጥግ በሸራ ተሸፍኖ አለ። የሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው «ወረቀት አለው?» ነው።