ቤት ስትገዙ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ደላላው "ዛሬ ቀብድ ካልሰጣችሁ ለሌላ ሰው ይሸጣል" እያለ እያጣደፋችሁ ከሆነ በቃ ስልኩን ዝጉትና እደሩበት፣ በኔ እይታ ብዙ ሰው የሚጎዳው ህጉን ስለማያውቅ ብቻ ሳይሆን ተጨንቆ ስለሚፈርም ነው።

ቀብድ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ ቁጥር 1885 መሰረት ውሉ ላይ ሌላ ነገር ካልተስማማችሁ በቀር ገዢው ሀሳቡን ከቀየረ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ሻጩ ከቀየረ ደሞ እጥፉን ይመልሳል። ግን እሱም እንዳለ ሆኖ የቤት ሽያጭ ውል በፅሁፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ መመዝገብ አለበት (ቁጥር 1723)፣ ካፌ ቁጭ ብላችሁ በምስክር የምትፈራረሙት የመንደር ውል ቤቱ ዋጋው ሲጨምርና ሻጩ ሲክድ ፍርድ ቤት ያንከራትታችኋል።

ስለዚህ ብር ከእጃችሁ ሳይወጣ ካርታው በማን ስም እንደሆነ እዩ፣ እዳና እገዳ እንደሌለበት ራሳችሁ መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ አጣሩ፣ ደላላው ባመጣው ኮፒ አትመኑ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነና ቤቱ የጋራ ከሆነ የባልም የሚስትም ፈቃድ ያስፈልጋል። በወኪል የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው ላይ ቤት መሸጥ እንደሚችል በግልፅ መፃፍ አለበት፣ ጠቅላላ ውክልና ብቻውን አይበቃም፣ አለመሻሩንም ጠይቁ። መሬቱ የመንግስትና የህዝብ ስለሆነ የምትገዙት ቤቱን ነው፣ ሊዝ ከሆነ የቀረ ክፍያ ካለ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይግባ። ደሞ ባለቤትነቱ ወደናንተ የሚያልፈው ስም ሲዞር ነውና የተወሰነ ብር እስከዛ እንዲቆይ ተስማሙ፣ ክፍያው ሁሉ በባንክ ይሁን።

ጭንቀቱስ? የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ ወረቀት ላይ ፃፉትና "ነገ ሄጄ የማጣራው" እና "በእጄ ያልሆነ" ብላችሁ ለዩት፣ የመጀመሪያው ላይ ቀን ፃፉበት፣ ግማሹ ጭንቀት እዛው ይቀላል። ባልና ሚስት ከሆናችሁ ስለቤቱ የምታወሩበት ሰአት ይኑራችሁ፣ እራት ላይም አልጋ ላይም እሱን ብቻ ማውራት ያጣላል። ማታ ሂሳብ አትስሩ፣ ከሰአት በኋላ ቡና ቀንሱ፣ ትንሽ በእግር ሂዱ፣ ልባችሁ ሲመታ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ፣ ስታስወጡ ከምታስገቡት ረዘም አድርጉት። እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ከቆየ ግን ሀኪም አማክሩ፣ እስከዛ ምንም ነገር ላይ አትፈርሙ።