«የሷ 400፣ የኔ 12»፦ የአንቲቦዲ ውጤት ሲነበብ የሚሠሩ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ላብራቶሪ የሚሠራ ሰው ተረጋግቶ ማኪያቶ አይጠጣም። አንዱ መጥቶ ስልኩን ይዘረጋና «እስቲ ይቺን ውጤት እያት» ይላል። ማየቱስ አይከብደኝም። የሚከብደኝ አብሮ የሚመጣው ድምዳሜ ነው።

ቁጥር ማወዳደር

ይኼኛው ያንገበግበኛል። ሁለት የሥራ ባልደረቦች የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አብረው ይጀምራሉ፣ ሦስቱንም ዙር አብረው ይጨርሳሉ። አንቲቦዲያቸው (ሰውነት ጀርም ለመዋጋት የሚያመርተው ፕሮቲን) ሲመረመር የሷ 400፣ የሱ 12። በቃ፣ «የኔ ክትባት የተበላሸ ነው» ተጀመረ። ኧረ ወገን! ከመጨረሻው ዙር በኋላ ከ1 እስከ 2 ወር ባለው ጊዜ የሚፈለገው 10 እና ከዚያ በላይ ነው። 12ም አልፏል። ደረጃ የሚወጣበት ፈተና አይደለም።

ለምን ተለያየ ከተባለ ምክንያቱ ብዙ ነው። ዕድሜ ከ40 ሲያልፍ ምላሹ ይደክማል። ውፍረት፣ ሲጋራ፣ የኩላሊት ሕመም፣ ኤችአይቪ ይቀንሱታል። ሴቶች ባብዛኛው ከወንዶች የተሻለ ያመርታሉ። መርፌው ክንድ ላይ መሆኑ ቀርቶ መቀመጫ ላይ ከተወጋም ይቀንሳል። በዘር የሚወረስም አለ። ኤችኤልኤ የሚባሉ ፕሮቲኖች የቫይረሱን ቁራጭ ይዘው ለመከላከያ ሴሎች ያሳያሉ። ዓይነታቸው ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዱ አሳምሮ ያሳያል፣ ሌላው አያሳይም። ከጤነኛ አዋቂዎች ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ሦስቱንም ወስደው 10 አይደርሱም። ሲደግሙት ብዙዎቹ ይደርሳሉ። ከመድገም በፊት ግን ቫይረሱ ራሱ ደማቸው ውስጥ አለመኖሩ ይታይ። ቫይረሱን ተሸክሞ የሚኖር ሰው ቢከተብም ይህ አንቲቦዲ አይወጣለትም።

ከዓመታት በኋላ ተመርምሮ መደንገጥ

አንዴ 10 የደረሰ ጤነኛ ሰው ቆይቶ ቁጥሩ ቢወርድም የማስታወሻ ሴሎቹ አሉ፤ ቫይረሱ ቢመጣ አስታውሰው አንቲቦዲ ያስመርታሉና አትደንግጡ።

ቸኩሎ መመርመር

«ትናንት ተጋለጥኩ፣ ዛሬ መርምሩኝ» ለኤችአይቪ አይሠራም። አንቲቦዲው ሳምንታት ይፈልጋል፣ ሁሉም ሰው ላይም እኩል አይፈጥንም፤ እስከ 3 ወር ይጠበቃል። ትናንት የተጋለጠ ሰው የሚያስፈልገው በ72 ሰዓት ውስጥ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ነው።

በሕፃን ደም ውስጥ ያለውን ሁሉ የሕፃኑ ማድረግ

አንዲት እናት ከዘጌ በጀልባ መጣች። ልጇ የሆነ ቦታ በፈጣን የኤችአይቪ ምርመራ «ፖዘቲቭ» ተብሎባት ዓይኗ አብጧል። «እህቴ፣ ይሄ ያንቺው አንቲቦዲ ነው» አልኳት። በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል። 18 ወር ሳይሞላው አንቲቦዲ ስለ ልጁ መያዝ አይመሰክርም፤ የሚመሰክረው ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ምርመራ ነው። ያንን ስናሠራ ልጁ ነፃ ሆነ። በፈጣን ኪት ብቻ እናትን ማስለቀስ ግን እስካሁን አልቀረም።

የኩፍኝ ክትባት ገና እንደተወለደ የማይሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። የእናት አንቲቦዲ ክትባቱን ያከሽፈዋል። ስለዚህ በ9 ወር ተሰጥቶ በ15 ወር ይደገማል። ኩፍኝ ታማ የዳነች እናት በክትባት ብቻ ከተጠበቀችው የበለጠ ለልጇ ታስተላልፋለች።

«ኩፍኝ ይውጣለትና ይጠንክር»

ይህን የምትሉ አያቶች፣ እወዳችኋለሁ፣ ግን ተውት። በ2019 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ጥናት ሆላንድ ውስጥ ያልተከተቡ ልጆች ደም ከኩፍኝ በፊትና በኋላ ተመርምሮ ነበር። ኩፍኙ ቀድሞ ከነበራቸው የአንቲቦዲ ክምችት ከ11 እስከ 73 በመቶ ጠርጎ ወስዶታል። ልጁ ከኩፍኝ ይድናል፣ ሌላውን በሽታ ግን እንደ አዲስ ሊታመም ይችላል።

ብዙ አንቲቦዲ ያለው ጠንካራ ነው ማለት

በኮቪድ ጊዜ በጠና የታመሙት ብዙውን ጊዜ ሳል ብቻ ይዟቸው ካለፉት የበለጠ አንቲቦዲ ነበራቸው። ብዙ ቫይረስ ስላገኛቸው ነው እንጂ ብርቱ ስለሆኑ አይደለም።

ለመመረቂያ ጽሑፍ ደም የምትሰበስቡ ልጆች

እናንተን ማገዝ ደስ ይለኛል። ግን ከአንድ ቀበሌ ደም ቀድታችሁ «የአካባቢው ሕዝብ የመከላከል አቅሙ ዝቅተኛ ነው» አትበሉ። ጣና ዳር ነው ያለነው። ቢልሃርዚያና የአንጀት ትል አለ። ትሎች እኛ ውስጥ ረጅም ዕድሜ ለመኖር የመከላከያ ሥርዓቱን ያለዝባሉ፤ ይህ የአንዳንድ ክትባቶችን ምላሽ ሊቀንስ ይችላል፣ የሁሉንም ግን አይደለም። ስለዚህ ሰገራ መርምሩ፣ የትል መድኃኒት መቼ እንደተወሰደ ጠይቁ።

የትውልድ ዓመትም መዝግቡ። ሰውነት መጀመሪያ የገጠመውን ኢንፍሉዌንዛ አይረሳም፤ በኋላ ለሚመጣው ዘመድ ቫይረስ የሚሰጠው ምላሽ በዚያ ይቃኛል። የሚዘዋወረው ኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ከተለወጠበት ከ1968 (እ.ኤ.አ.) በፊት የተወለዱና ከዚያ በኋላ የተወለዱ ሰዎች ለወፍ ጉንፋን ዓይነቶች ያላቸው ተጋላጭነት የሚለያየው በዚህ ነው።

የኪቱን ስም ደግሞ አትርሱ። የአንድ ሰው ደም በአንዱ የኮቪድ ኪት 80፣ በሌላው 800 ሊል ይችላል። አሃዱ ይለያያል፤ የሚለካውም የቫይረሱ ክፍል ሊለያይ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ደርድራችሁ አማካይ ብታወጡ አማካሪያችሁ ባያይ እንኳ ፈታኙ ያያል።