«ደህና ነኝ» ሲሏችሁ ኪኒናቸውን ቁጠሩ

አዳማ ያሉ እናት አባታችሁን በስልክ ብትጠይቁ መልሱ ሁሌም «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ስትሄዱ የደም ግፊት ኪኒናቸውን ቁጠሩ። በቀን አንድ የሚዋጥ 30 ፍሬ ከተጀመረ 12 ቀን ከሆነው 18 መቅረት አለበት። 24 ካገኛችሁ እየዘለሉ ነው፤ 10 ከሆነ ረስተው እየደገሙ ነው፣ ይሄ ይብሳል፤ ግፊቱ ወርዶ ሊጥላቸው ይችላል። የተጀመረበትን ቀን ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ፣ ያለሱ ስሌቱ አይሠራም።

መድኃኒትን በሥርዓት መውሰድ ማስታወስንም፣ ዓይንንም፣ ጣትንም ስለሚፈልግ ብዙ ጊዜ ከመታጠብና ከመልበስ ቀድሞ የሚላላው እሱ ነው።

ከኪኒኖቻቸው መካከል የሚያሸናው (ሽንት የሚያበዛው) ብቻ ከሚገባው በላይ ከተረፈ ግን መርሳት ላይሆን ይችላል። ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ሆኖ ሌሊት መውጣት ፈርተው ይሆናል፤ ቀስ ብላችሁ ጠይቁ። የተዘለለውን ለማካካስ ደርባችሁ አትስጡ። ሲያም ብቻ የሚወሰድ ማስታገሻ በዚህ አይለካም።